ሳንባ ሕመሙን አይናገርም፤ እስኪናገር አትጠብቁ

ብረት የምትበይዱ፣ የምትቆርጡ፣ የምትሞርዱ፣ ቶርኖ ላይ የምትውሉ፣ የመኪና ቦዲ የምትጠግኑ ወገኖች ሆይ! ይህ ማንቂያ ለእናንተ ነው። ባላቸው፣ ወንድማቸው ወይም ልጃቸው ብረታ ብረት ቤት ለሚውልባቸው ቤተሰቦችም ነው። ከኤሌክትሮዱ ጫፍ የሚነሣው ጭስና ከግራይንደሩ ሥር የሚረጨው ብናኝ ትናንት ሳንባችሁ ገብቷል፤ ዛሬም ገብቷል፤ ካልተጠነቀቃችሁ ነገም ይገባል። ሳንባ አንዴ ጠባሳ ከያዘ ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። መከላከያው ግን በእጃችሁ ነው፤ ዋጋውም ከብየዳ ማሽኑ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ዓይኑን ጨርሶ ሳይሸፍን የሚበይድ ባለሙያ ጥቂት ነው። ትክክለኛው መስታወት ቢጠፋ እንኳ የፀሐይ መነጽር አድርጎ ይሠራል፤ እሱም የለም ከተባለ ፊቱን አዙሮ ይነካካል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓይኑን ያልሸፈነ ሰው ቅጣቱን የሚቀበለው በዚያው ሌሊት ነው፤ ዓይኑ እየቆረቆረው፣ እንባው እየወረደ፣ መብራት ማየት እያቃተው ያድራል። አንድ ሌሊት እንዲህ ያሳለፈ ሰው ሁለተኛ መነጽሩን አይረሳም። ሕመሙ አስተምሮታል።

ሳንባ እንዲህ አያስተምርም። የሳንባ ሥጋ ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለውም፤ ሕመም የሚሰማው የላይኛው ሽፋኑ ነው። በዚያ ላይ ሳንባ የተፈጠረው ለዕለት ኑሮ ከሚያስፈልገን በላይ ትርፍ አቅም ይዞ ነው። ስለዚህ ትርፉ እስኪያልቅ ድረስ ሰውየው ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል፣ ኳስ ይጫወታል። ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው «ዕድሜ ነው» ይላል። ሐኪም ዘንድ የሚሄድበት ቀን ሲደርስ የተበላው አቅም ተመልሶ አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ ዓይናችሁን የጠበቃችሁት ስላመማችሁ ነው፤ ሳንባችሁን ግን ሳያማችሁ መጠበቅ አለባችሁ። እስኪያም የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል።

ወደ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው?

«ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ለደም ጥሩ ነው» የሚል ቀልድ በየብረታ ብረት ቤቱ ይሰማል። ከምግብ ጋር ወደ ሆድ የሚገባው ብረትና በትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ብናኝ አይገናኙም። ደግሞም ብየዳ ላይ የሚነሣው ጭስ ብረት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኤሌክትሮዱ ራሱ ማንጋኒዝ፣ ሽፋኑም ሲሊካና ፍሎራይድ የያዙ ውሕዶች አሉት። ማንጋኒዝ ለብዙ ዘመን በብዛት ሲገባ የሚጎዳው አንጎልን ነው፤ እጅን የሚያንቀጠቅጥ፣ እርምጃን የሚያከብድ፣ ፓርኪንሰን የተባለውን ሕመም የሚመስል ችግር ያመጣል። የማይዝገው ብረት፣ ማለትም ስቴንለስ ስቲል ሲበየድ ክሮሚየምና ኒኬል ይነሣሉ። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ወይም ላሜራ ሲበየድ ደግሞ ዚንክ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቀለም የተቀባ አሮጌ ብረት ላይ እሳት ከተለኮሰ ከቀለሙ እርሳስና ክሮሜት ሊነሣ ይችላል። እጅግ ጠንካራ የሆነውን ካርባይድ፣ ለምሳሌ የመጋዝ ጥርስና የመብሻ ጫፍ፣ በድንጋይ የሚያሾል ሰው ኮባልት ይተነፍሳል።

ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ጀምሮ በየከተማው አሮጌ በርሜል፣ የመኪና አካልና የፈረሰ ብረት እንደገና ዕቃ የሚያደርጉ ባለሙያዎች ለዚህ ነገር ይበልጥ ቅርብ ናቸው። አዲስ ብረት ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ቁርጥራጩ ግን ቀድሞ ምን ተቀብቶ፣ ምን ተሞልቶበት እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ማታ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ጥቁር የሚወጣቸው ሰዎች «አፍንጫዬ ይይዘዋል» ብለው ይጽናናሉ። አፍንጫ የሚይዘው ትልልቁን ነው። ከግራይንደር የሚረጨው ብናኝ ከፊሉ ትልቅ ስለሆነ በአፍንጫና በጉሮሮ ይቀራል፤ በአክታ ይወጣል። የብየዳ ጭስ ቅንጣት ግን አብዛኛው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ ያነሰ ነው፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር ሲተያይ በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ይህን አፍንጫ አያግደውም። በቀጥታ ኦክስጅን ወደ ደም ወደሚተላለፍባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይወርዳል። እዚያ ያሉ ጠራጊ ሴሎች ይውጡታል፤ ብረትን ግን መፍጨት አይችሉም። ከአቅም በላይ ሲሆንባቸው ይቆጣሉ፤ አካባቢው ያብጣል፤ ዕብጠቱ ሲደጋገም ለስላሳው ሥጋ በጠባሳ ይተካል። ጠባሳ ደግሞ ኦክስጅን አያሳልፍም።

ማታ የሚመጣው ብርድ ብርድ

ጋልቫናይዝድ ብረት ሲበይድ የዋለ ሰው አመሻሹ ላይ ብርድ ብርድ ይለዋል። አፉ ሳንቲም የላሰ ያህል ብረት ብረት ይለዋል። ትኩሳት ይነሣበታል፤ ያንቀጠቅጠዋል፤ ራሱን ያመዋል፤ መገጣጠሚያው ይቆረጣጠማል። ቤተሰብ «ምች ነው» ይላል፤ ዳማ ከሴ ታሽቶ ይቀባል። ቆላ አካባቢ ከሆነ ወባ ይባላል። ሌላው ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል።

ይህ የብረት ጭስ ትኩሳት ነው። የሚጀምረው ጭሱ ከተተነፈሰ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል በራሱ ይለቃል። በራሱ ስለሚለቅም ምስጋናው ሁሉ ለተቀባው ቅጠል፣ ለተጠጣው ወተት፣ ለተወሰደው ኪኒን ይሆናል፤ ሰውየውም በነጋታው ወደዚያው ጭስ ይመለሳል። ሌላም የሚያዘናጋ ነገር አለ። ሰውነት በተከታታይ የሥራ ቀናት ጭሱን ይለምደዋል፤ ስለዚህ ትኩሳቱ ሐሙስና ዓርብ አይነሣም። እሑድ ዐርፎ ሰኞ ሲመለስ፣ ወይም ከረዥም የበዓል ዕረፍት በኋላ ሥራ ሲጀምር ይብስበታል። በዚህም የተነሣ በባሕር ማዶ ፋብሪካዎች «የሰኞ ትኩሳት» ተብሎ ይታወቅ ነበር። ሰዉ ግን የበዓሉ መብልና መጠጥ ነው የጎዳኝ ይላል።

ይህ ትኩሳት ብቻውን ሰው አይገድል ይሆናል። ነገር ግን ሳንባ ከሚሰጣቸው ጥቂት ምልክቶች አንዱ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። በተለይ አንድ አደገኛ ተመሳሳይ አለው። አንዳንድ አሮጌ ብሎኖችና የብረት ክፍሎች እንዳይዝጉ በካድሚየም ይለበጣሉ፤ በዓይን ሲታዩ ከዚንክ አይለዩም። የካድሚየም ጭስ የተነፈሰ ሰው መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ያው ትኩሳትና ሳል ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ግን ከመሻል ይልቅ ይብስበታል፤ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል፤ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ ይህን ያዙ፦ ከብየዳ በኋላ የመጣ ትኩሳት ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከሆነ፣ ወይም በሁለተኛው ቀን ካልተሻለ፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ምን ሲበየድ እንደዋለም ለሐኪሙ ንገሩ።

ቀስ ብሎ የሚመጣው

እ.ኤ.አ. በ1936 ዶይግና ማክላውሊን የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ሐኪሞች የኤሌክትሪክ በያጆችን በራጅ መረመሩ። ሳንባቸው በነጠብጣብ ጥላ ተሞልቶ ታየ፤ ሰዎቹ ግን ደኅና ነን ባዮች ነበሩ። ጥላው የብረት ብናኝ ክምችት ነበር፤ ሕመሙም ሲደሮሲስ ይባላል። እነዚሁ ሐኪሞች ከ12 ዓመት በኋላ፣ ከጭሱ በራቁ ሰዎች ዘንድ ጥላው እየጠራ ሊሄድ እንደሚችል ዘገቡ። ንጹሕ የብረት ብናኝ ብቻውን ከሌሎቹ ብናኞች ይልቅ ሳንባን በመጠኑ እንደሚምር የሚታመነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ እውነት ለብዙዎች ማዘናጊያ ሆኗል። ንጹሕ ብረት ብቻ የሚነሣበት ወርክሾፕ የት አለ? ብረቱን በአሸዋ ግፊት የሚያጸዳ፣ ወይም የብረት ቅርጽ በአሸዋ ውስጥ የሚያፈስስ ሰው ብረቱን ከሲሊካ ጋር ነው የሚተነፍሰው። ሲሊካ ያለ ምሕረት ጠባሳ የሚያበጅ፣ ቲቢ እንዲይዝ መንገድ የሚከፍት፣ ካንሰርም የሚያመጣ ብናኝ ነው። የክሮሚየም፣ የኒኬልና የኮባልት ብናኝ አስም ሊያስነሣ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው በሥራ ቀን ደረቱ ይጨነቃል፣ ሌሊት ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ዕረፍት ሲወጣ ይሻለዋል።

ጠንካራ ብረት ከሚባለው ከተንግስተን ካርባይድና ከኮባልት ቅይጥ የሚመጣው የሳንባ በሽታ ደግሞ የተለየ ጭካኔ አለው። የሚይዘው ከተጋለጡት ጥቂቶቹን ነው፤ ማን እንደሚያዝ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ለመያዝም የግድ ረዥም ዘመን መሥራት አያስፈልግም። በቤልጂየም አልማዝ በሚወለውሉ ሠራተኞች ላይ ይኸው በሽታ የታየው የሚወለውሉበት ፈጣን ዲስክ ኮባልት ስለነበረበት ነው። አልማዙን ያዩ ሁሉ ዲስኩን አላዩም ነበር።

ከሁሉ የከበደው ዜና የመጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቀደም ሲል «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ብሎ መድቦት የነበረውን የብየዳ ጭስ፣ ማስረጃውን እንደገና መርምሮ «ካንሰር ያመጣል» ወደሚለው የመጀመሪያው ምድብ አሳደገው። ትንባሆና አስቤስቶስ ያሉት እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ኤጀንሲው በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል በያጆች እንዳሉና ሌሎች 110 ሚሊዮን ያህል ሠራተኞችም ከብየዳ ጋር ለተያያዘ ጭስ እንደሚጋለጡ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለአሠሪዎች ማስጠንቀቂያ አወጣ፦ የተለመደው ተራ ብረት ጭስም የሳንባ ካንሰር ያመጣል፤ መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም፤ ጭሱ በሚነሣበት ቦታ ላይ መሳብ አለበት፤ ደጅ የሚበይድ ሠራተኛም የመተንፈሻ መከላከያ ያድርግ። «እኔ የምበይደው ደጅ ነው፤ ንፋስ ይወስደዋል» የምትሉ ይህችን መጨረሻ ልብ በሉ። በያጅ ሥራው ላይ ሲያጎነብስ ጭሱ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት በፊቱ በኩል ነው የሚያልፈው።

የብረት ጭስ የሚተነፍስ ሰው በሳንባ ምች የመያዝና በእሱ የመሞት ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። የእንግሊዝ ጤና ባለሥልጣናት ለእነዚህ ሠራተኞች የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት እንዲሰጥ የሚመክሩት ለዚህ ነው። ደግነቱ ከጭሱ የራቀ ሰው ይህ አደጋው ይቀንሳል። መጠንቀቅ ለሚጀምር ሰው መቼም ቢሆን ዋጋ አለው ማለት ነው።

«ቲቢ ነው» ሲባል

ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ሳል ያለበት፣ የከሳ፣ ራጁ ላይ ጥላ የታየበት ሰው ሲመጣ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢን ነው፤ ማሰቡም ትክክል ነው። ችግሩ የበያጅ ሳንባም ራጅ ላይ ሲታይ በመላው ሳንባ የተበተነውን የቲቢ ዓይነት ሊመስል መቻሉ ነው። ሥራው ካልተጠየቀ ሰውየው የወራት መድኃኒት ውጦ ሳይሻለው ወደ ግራይንደሩ ሊመለስ ይችላል።

ይህን አንብባችሁ «እንግዲያው የእኔ ቲቢ አይደለም» ብላችሁ የተሰጣችሁን መድኃኒት እንዳታቋርጡ። የብረትና የሲሊካ ብናኝ የገባበት ሳንባ ቲቢም ሊይዘው ይችላል፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ማድረግ ያለባችሁ የአክታ ምርመራውን መስጠት፣ ከዚያም ሥራችሁን በግልጽ መናገር ነው፦ «ይህን ያህል ዓመት ብየዳ ላይ ነኝ፤ የምሠራው ዝግ ቤት ውስጥ ነው፤ ጋልቫናይዝድ እበይዳለሁ፤ ካርባይድ አሾላለሁ» በሉ። ከራጅ በተጨማሪ የትንፋሽ አቅም የሚለካበት ምርመራ እንዳለ ጠይቁ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያጥር ትንፋሽ፣ ሌሊት የሚነሣ የደረት ጭንቀት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ካለ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ወደ ሐኪም ነው።

ሐኪሞቻችንም የቆየ አደራ አለባችሁ። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ሞዴና ከተማ ባሳተመው የሠራተኞች በሽታዎች መጽሐፉ፣ ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቀው ሁሉ ጋር ሥራው ምን እንደሆነም እንዲጠይቅ አሳስቦ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆነው። በየካርዱ ላይ «ሥራ» በሚለው ቦታ «የግል» ብሎ ጽፎ ማለፍ ለዚህ በሽተኛ ምንም አይፈይድም። የግል ምን? ከምን ጋር? ስንት ዓመት?

ወተት፣ ሻሽና ሌሎች ማዘናጊያዎች

ወተት ጠጥቶ መበየድ የቆየ ልማድ ነው። አሠሪው ራሱ ወተት ገዝቶ የሚያቀርብበት ቦታም አለ፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ወተቱ የሚወርደው ግን ወደ ጨጓራ ነው፤ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው፤ መንገዳቸው አይገናኝም። ለምግብነቱ ጠጡት፤ ለመከላከያነቱ ግን የወተቱ ብር ወደ ጭንብል ይዙር።

በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ሻሽና ፎጣ ጤፍ በዓሣ መረብ እንደመንፋት ነው። በኮሮና ጊዜ የለመድነው ሰማያዊው የሐኪም ማስክም በጎንና በጎን ክፍት ስለሆነ ጭሱ ዞሮ ይገባል። በዚያው ዘመን ስሙን የሰማነው ኤን-95፣ ወይም በአውሮፓ ስያሜው ኤፍ ኤፍ ፒ 2 እና ከዚያ በላይ ያለው፣ ፊት ላይ ገጥሞ ሲታሰር ደቃቁን ብናኝ ይይዛል። ከእነዚህ የሚሻለው ፊት ላይ የሚገጥም የጎማ ጭንብል፣ ማጣሪያው እየተቀየረ ለረዥም ጊዜ የሚያገለግለው ነው። ሦስት ነገር ግን እወቁ። ጢም ካለ ጭንብሉ አይገጥምም፤ አየሩ በጢሙ መካከል ይገባል። ማጣሪያው ሲቆሽሽና መተንፈስ ሲከብድ ይለወጣል። የብናኝ ማጣሪያ ደግሞ ጋዝ አያግድም፤ ኦክስጅን በሌለበት ቦታም ኦክስጅን አይሰጥም። ስለዚህ ቦቴ ወይም የውኃ ታንከር ውስጥ ገብቶ በጭንብል ብቻ መበየድ ራስን ማጥፋት ነው።

ቬንትሌተርም እንደ አቀማመጡ ነው። ከበያጁ ፊት ለፊት ሆኖ ሲነፋ ጭሱን መልሶ አፍንጫው ውስጥ ይከትበታል፤ ከኋላው ሲነፋ ደግሞ ወደ ጎረቤቱ ሠራተኛ ይልከዋል። ከሁሉ በላይ የምንረሳው ረዳቱን ነው። ልጁ ብረቱን ይዞ ቆሞ ዓይኑ እንዳይጎዳ ፊቱን ያዞራል። ዓይኑ ዳነ። ትንፋሹ ግን ከጭሱ ጋር እዚያው ነው።

ብናኙ ቤት ሲገባ

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሎሬይን በምትባል ከተማ ቤሪሊየም የተባለ ቀላል ብረት የሚያመርት ፋብሪካ አካባቢ እንግዳ ነገር ታየ። ፋብሪካውን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች የቤሪሊየም ሳንባ በሽታ ያዛቸው። ከፊሎቹ ከፋብሪካው የሚወጣው አየር የደረሳቸው ጎረቤቶች ነበሩ። የሠራተኛ ልብስ ሲያጥቡ የተያዙም ተገኝተዋል።

ቤሪሊየም በየሠፈራችን ብየዳ ቤት የሚገኝ ብረት አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ብናኝ ይሠራል። የሥራ ቱታውን ለብሶ ቤት የሚገባ አባት ብናኙን ይዞ ይገባል፤ ሕፃን ያቅፍበታል፤ ሚስቱ ከማጠቧ በፊት ታራግፈዋለች። ስለዚህ ቱታው እዚያው ሥራ ቦታ ይውለቅ። የሚታጠበው ለብቻው፣ ሳይራገፍ፣ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይሁን። ምሳም ሆነ ሻይ እጅና ፊት ሳይታጠብ አይቀመስ፤ እንጀራውም ግራይንደሩ አጠገብ አይቀመጥ።

ዛሬ የሚደረገው

«ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ለዚህ ነው። ገንዘብ ከማይጠይቀው እንጀምር። ስትበይዱ ራሳችሁን ከጭሱ ዐምድ አውጡ፤ ንፋሱ ከፊትም ከኋላም ሳይሆን ከጎን እንዲነፍስ አድርጋችሁ ቁሙ። የምትበይዱትን ቦታ አስቀድማችሁ ከቀለም፣ ከዘይትና ከዚንክ ልባጥ አጽዱት፤ ስታጸዱም ጭንብል አድርጉ። የማሽኑን ኃይል ከሚያስፈልገው በላይ አታብዙ፤ ኃይሉ ሲበዛ ጭሱም ይበዛል። በመቀስ ወይም በመጋዝ ሊቆረጥ የሚችለውን በዲስክ አትቁረጡ። ወለሉን ከመጥረጋችሁ በፊት በውኃ አርጥቡት፤ ሶኬትና ገመድ ባለበት፣ ግራይንደሩ ላይም ውኃ አታፍስሱ፤ ኤሌክትሪኩ ይገድላል። ልብሳችሁንና ጠረጴዛውን በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍን ዛሬውኑ አቁሙ፤ ወድቆ የተኛውን ብናኝ አስነሥቶ ወደ አፍንጫ ከመላክ ሌላ ሥራ የለውም። ሲጋራ የምታጨሱ፣ የሲጋራውና የብየዳው ጭስ የካንሰርን አደጋ አብረው ያበዙታልና አቁሙ።

ቀጥሎ ጥቂት ገንዘብ የሚጠይቀው ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፣ ለረዳቱም ጭምር፣ የየራሱ ጭንብል ይገዛ፤ ጭንብል በጋራ አይደረግም። ጭሱን ከምንጩ ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሳቢያ ይሠራ። ብረት ቆርጦ ቅርጽ ማውጣት የሚችል ሰው ማራገቢያ፣ ቱቦና አፈ ሰፊ መቀበያ አገጣጥሞ መሥራት አያቅተውም። የመቀበያው አፍ ከሚበየደው ቦታ ከስንዝር ተኩል ባይርቅ ይመረጣል፤ በራቀ ቁጥር የሚስበው ንጹሕ አየር እንጂ ጭስ አይሆንም። የቱቦው መውጫም የጎረቤት መስኮት ሥር አይሁን።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

የወርክሾፕ ባለቤቶች፣ ይህ ምጽዋት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙ እንዲያስረዳ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዝዛል። በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታም በሕጉ ዓይን በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂነት አለበት። ሠራተኛም የተሰጠውን መከላከያ የመጠቀም ግዴታ አለበት። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ ማሰማራት የተከለከለ ነው። በክረምት ዕረፍት «ሙያ ይልመድ» ተብሎ ብየዳ ቤት የሚላከው ታዳጊ ሳንባው ገና በማደግ ላይ ነው።

ሕጉ ያለ ተቆጣጣሪ ወረቀት ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ትልልቅ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን በየሼዱ ያሉትን የጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራትንም ይጎብኙ። ሼድ የሚሠራ አካል መሳቢያ የሚገጠምበት ቦታ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ያስገባ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ብየዳ ሲያስተምሩ ተማሪው ስፌቱን በማሳመሩ ብቻ ሳይሆን አፍንጫውን ከጭሱ በማራቁም ይመዘን።

በርና መስኮት የምናሠራውም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ዋጋ ስንከራከር የምናስቀንሳት መቶ ብር አብዛኛውን ጊዜ የምትቀነሰው ከብረቱ ሳይሆን ከሠራተኛው መከላከያ ላይ ነው። ሥራ የምንሰጠው ሠራተኞቹ ጭንብል ለሚያደርጉበት ቤት ይሁን፤ ለምን እንደመረጥነውም ለባለቤቱ እንንገረው። ኮንትራክተሮችም ውል ስትዋዋሉ የመከላከያውን ወጪ ለብቻው አስፍሩ፤ አልተገዛም ከሆነ ክፍያው ይያዝ።

ነገ ጠዋት ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ሠራተኞችን ሰብስባችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ጭሱ የሚወጣው በየት ነው? ዛሬ ጭንብል የሌለው ማን ነው? ሳል የቆየበት ማን ነው? ለመጀመሪያው መልስ ከሌለ ሥራውን ደጅ አውጡት፤ ጭንብል የሌለው ብየዳና ግራይንደር አጠገብ አይቁም፤ ያሳለው ደሞዙ ሳይቆረጥ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ማሽኑ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።